ግማሽ ታንከር

ባሌን በፊቱ አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ እሱ እለዋለሁ። ዘመዶቹ አንብበው ቢቆጡ ይቆጡ፤ ቁጣቸውን አርባ ዓመት አይቼዋለሁ፣ አዲስ ነገር የለውም።

በእኛ መኪና ውስጥ ቤንዚን ከግማሽ አልፎ አያውቅም ነበር። መኪናዋ ነጭ ናት፤ ትንሽ፣ ከሰው እጅ የገዛናት፣ የግራ በሯ ሲዘጋ የሚጮህ። የምነዳት እኔ ነኝ። እሱ መንጃ ፈቃድ የለውም። የጽሑፉን ፈተና በአማርኛ ይሰጡ ስለነበር ሁለታችንም አብረን ተመዝግበን ነበር። እኔ በሁለተኛው አለፍኩ። እሱ አራት ጊዜ ወደቀ፤ በአምስተኛው ፈተና ቀን ጠዋት ወገቤን አመመኝ ብሎ አልጋው ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲያ የፈተናው ነገር በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም። መሪውን እኔ ያዝኩ፣ ቤንዚኑን እሱ ያዘ።

እሑድ እሑድ ከሥራ ስመለስ ከሰፈራችን ከሮቫ አሌፍ መውጫ አጠገብ ወዳለው ማደያ አብሮኝ ይሄዳል። ከመኪናው ወርዶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ከማሽኑ ፊት ይቆማል። ቀጂው ‹‹ማሌ?›› ይለዋል፤ በዕብራይስጥ ልሙላው ወይ ማለቱ ነው። ‹‹አሥራ አምስት ሊትር›› ይላል እሱ። በየሳምንቱ ይጠይቁታል፣ በየሳምንቱ አሥራ አምስት ይላል። አንድ ቀን አንዱ ቀጂ ‹‹አባባ፣ ለሞተር ሳይክል ነው እንዴ?›› ብሎ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ቁጥሩ አሥራ አምስት ላይ እስኪቆም ድረስ ዓይኑን አልነቀለም።

አመሻሽ ላይ መኪናዋን ከሕንፃችን ሥር ሳቆም ደግሞ ከሦስተኛ ፎቅ ይወርዳል። ከጎኔ ገብቶ ይቀመጥና ‹‹ቁልፉን አዙሪው›› ይለኛል። ሞተሩ ሲጠፋ መርፌው ይተኛል፤ ቁልፉ ሲዞር ነው እየተንቀጠቀጠ የሚነሣው። አዞርለታለሁ። የታመመ ሰው ትኩሳት እንደሚያይ ሐኪም ጎንበስ ብሎ ያያል። ከዚያ ወርዶ ወደ ቤት ይገባል። ወደማጸዳው ትምህርት ቤት ደርሶ መልስ ስንት እንደሚበላ፣ ወደ ገበያው ስንት፣ ወደ ወንድሙ ቤት ስንት፣ ሁሉንም በጭንቅላቱ ይዞታል። መርፌው እሱ ከገመተው ዝቅ ካለ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቃል። ‹‹የት ነበርሽ?›› ድምፁን ከፍ አያደርግም። አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ በሌላ ጉዳይ ቤታችን መጥታ ወደ ጎን ወሰደችኝና ‹‹እጁን አንሥቶብሽ ያውቃል?›› አለችኝ። አያውቅም አልኳት። ደስ ብሏት ወረቀቷን አጠፈች። ስለ መርፌው የሚጠይቅ ጥያቄ ወረቀቷ ላይ አልነበረም።

ምክንያት የለውም አልልም። እነሱ ከአገራቸው በሱዳን በኩል ሊወጡ በተዘጋጁበት ሳምንት እናቱ ለመንገድ በሶ አዘጋጅታ ነበር፤ ልጆቿ እንዳይራቡ ብላ ከሚገባው በላይ። ስልቾቹን ሞልታ ከግድግዳው ሥር ደረደረቻቸው። እሳት ልትጫር የመጣች ጎረቤት አየች፤ ያን ጊዜ ከአገር መውጣት ያሳስር ነበር። በማግሥቱ ሰዎች መጥተው አባቱን ወሰዱት፤ አልተመለሰም። የተረፉት ከሁለት ዓመት በኋላ ባዶ እጃቸውን፣ ምጣዳቸውን እንደተጣደ ትተው ወጡ። ስለዚህ እሱ ዘንድ የሚሞላ ሰው የሚሄድ ሰው ነው። አሽዶድ ገብተን ሠላሳ ዓመት ካለፈን በኋላ እንኳ ትልቁን የዱቄት ከረጢት አያስገዛኝም። ሻንጣ ቁም ሣጥን ላይ እንግዳ የሚያየው ቦታ አይቀመጥም። ታንከርም አይሞላም። እኔም በዚያው መንገድ ነው የመጣሁት፤ ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። እኔ ግን ፍርሃቴን የሌላ ሰው አንገት ላይ አላሰርኩም።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነው።

አንድ ሴት ልጅ ነች ያለችን። ቤርሼባ ከተማ ነርስ ናት። ሠላሳ ዓመት አልፏት ነበር አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ልታገባ መሆኑን የነገረችን። የእኛው ወገን፣ ከአገር ቤት የመጣ አይሁዳዊ ነው፤ ደስ አለኝ። በእኛ ወግ ግን ሁለቱ ወገኖች እስከ ሰባት ቤት ተቆጥረው ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም። በቤተ ሰቡ ውስጥ የሚቆጥረው የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። መጣ፣ ሳሎናችን ውስጥ ከመሐል ተቀመጠ፣ ሦስት ሽማግሌዎች አጠገቡ። ጣቱን እያጠፈ ከእሷ ወደ ላይ ወጣ፣ ከእጮኛዋ ወደ ላይ ወጣ፤ አንዲት ሴት ላይ ቆመ።

‹‹በአምስተኛው ይገናኛሉ›› አለ።

‹‹ጋሼ›› አለችው ልጄ፣ ‹‹ረባኑት ሄደን የጋብቻ ፋይል ከፍተናል። ከረቢዎቹ ስለ አያቴ አያት ማንም አልጠየቀኝም።››

‹‹ረባኑት ያንቺን ዘር የት ያውቅና?››

‹‹እኔስ የት አውቄያት? ሴትዮዋ ሞታለች።››

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። የባሌ ወንድም ግን ፊቱን ወደ ባሌ አዞረ። ‹‹እሺ ካለች የእኛ ናት። እንቢ ካለች ከዛሬ ወዲያ እዚህ ቤት አትገባም፣ ከዚህ ቤትም ማንም ወደ እሷ አይሄድም። ትሰማለህ?›› ባሌ ወለሉን እያየ ‹‹እሰማለሁ›› አለ።

እኔ የሻይ ሰሐን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አሁን ያን ጊዜ ያልተናገርኩትን ልናገር። የዚያ ሰውዬ የገዛ ልጅ ሲያገባ ከሙሽራዪቱ ጋር በስድስተኛው ይገናኙ ነበር። እሱ ወደ ላይ ሲወጣ አንድ ቦታ ላይ በአባት በኩል መሄድ ሲገባው በእናት በኩል ዞሮ ከሰባት አሳለፈው። በእኛ መንደር የምትቆጥረው እናቴ ስለነበረች አውቃለሁ፤ ከጉልበቷ ሥር ሆኜ ተምሬዋለሁ። ሰሐኑን አስቀምጬ ያን ብናገር ኖሮ ሳሎኑ ውስጥ የሚቀመጥበት ያጣ ነበር። አልተናገርኩም። ሻይ ቀዳሁላቸው።

ልጄ ኤሌክትሪክ ሠሪውን አገባች። ወደ ሠርጉ ከእኛ ቤት ማንም አልሄደም።

በዓመቱ አረገዘች። በሰባተኛው ወር፣ አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ትምህርት ቤት የመጥረጊያ ዕቃ የምናስቀምጥበት ክፍል ውስጥ እያለሁ ባሏ ደወለልኝ። ደም እየፈሰሳት ሆስፒታል ገብታለች፣ እናቴን ጥሩልኝ እያለች ነው። መጣሁ በላት ብዬ፣ ወደ ቤት ሮጬ ለባሌ ነገርኩት። ወደ ታች ወረደ፣ ከጎኔ ተቀመጠ፣ ቁልፉን አስዞረኝ። መርፌው ከሩብ በታች ነበር።

‹‹ቤርሼባ የሚያደርስ ቤንዚን የለውም›› አለኝ። ወርዶ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

አውቶቡስ ነበረ። ይህን ልጄ እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም፤ እኔ ግን አውቃለሁ፣ አውቶቡስ ነበረ። መሪውን ይዤ ጨለማ እስኪሆን ድረስ እዚያው ተቀመጥኩ። ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ። ልጄ ብቻዋን ነበረች፤ ባሏን እንኳ ወደ ውጭ አስወጥተውት ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው መስረቅ የጀመርኩት። ማክሰኞ ማክሰኞ ባሌ በአውቶቡስ ወደ ሃኪርያ፣ መሐል ከተማ ወዳለው የጡረተኞች ክበብ ይሄዳል። ስምንት ሰዓት ላይ ወጥቶ አራት ሰዓት ላይ ይመለሳል፤ በዚህ አገር ሰዓት ነው የምቆጥረው። እኔ ማክሰኞን ከሌላዋ ጽዳት ሠራተኛ ጋር ተቀያየርኩ። በአውቶቡስ ብሄድ ማቆሚያው ላይ ዘመዶቹ ያዩኛል፤ በመኪና ስወጣ ግን ሥራ ሄደች ይላሉ። ችግሩ መርፌው ነበር። ቤርሼባ ደርሶ መልስ ወደ አሥራ ሁለት ሊትር ይበላል፤ ማቀዝቀዣውን ከከፈትኩ አሥራ ሦስት። ስለዚህ ስመለስ እሱ በማያውቀው፣ ከከተማው መግቢያ ላይ ባለው ማደያ እቆምና የበላሁትን እመልሳለሁ። ቢጎድል ይጠይቀኛል። ቢበዛም ይጠይቀኛል። ወደ ትምህርት ቤት ሄጄ ቢሆን ኖሮ የሚጎድለው ትንሽ ነገር እንኳ መጉደል ነበረበት። ጠዋት ስወጣ መርፌው ከመስመሩ በየት በኩል እንደቆመ ልቤ ውስጥ እይዛለሁ፤ ስመለስ ከዚያ በፀጉር ያህል ዝቅ አድርጌ አሳርፈዋለሁ። ትንሽ ካለፈ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወርጄ ሁለት ሦስት ጊዜ እመላለሳለሁ፣ እስኪወርድልኝ። የሚዝናኑ ሰዎች አይስክሬም ይዘው ሲሄዱ አያቸዋለሁ። እኔ የማየው መርፌውን ነው።

ልጄ እንደገና አረገዘች። አንድ ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ እንደዚህ ሆነ፤ ባሌም በየምሽቱ ቁልፉን አስዙሮኝ አይቶ ይወጣ ነበር። አንድም ቀን የት ነበርሽ አላለኝም። እጄ ግን ቁልፉ ላይ መንቀጥቀጡን አልተወም። ፀጉሬ በዚያ ዓመት ነው እዚህ፣ ከግንባሬ በላይ፣ የሳሳው።

አሁን በምነግራችሁ ማክሰኞ ለመውለድ ሦስት ሳምንት ቀርቷት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሚሳይል ሲወረወር ነበር፤ ጠዋት ደውላ ‹‹ኢማ፣ ዛሬ አትምጪ፣ አዛቃ እየጮኸ ነው›› አለችኝ፤ የማስጠንቀቂያውን ጩኸት ማለቷ ነው። ሄድኩ። ሆዷ ወደ ታች ወርዶ ነበር። እግሯን ትራስ ላይ አድርጌ አሸሁላት።

‹‹ምጥ ሲጀምረኝ እደውልልሻለሁ›› አለች።

‹‹ደውይ። እመጣለሁ።››

‹‹በዚያን ጊዜም መጣሁ ብለሽ ነበር።››

እግሯን ማሸቴን አላቋረጥኩም። ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የምፈልገው፤ ሦስት ሳምንት ምስጢሬ ካልወጣ፣ ቁልፉ ከእጄ ካልወጣ፣ በዚህኛው አጠገቧ እሆናለሁ። ስወጣ ለሕፃኑ ጨርቅ ግዢልኝ ብላ ገንዘብ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተች።

ማደያው ስደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። እዚያ የሚቀዳው ከሩስያ በኩል የመጣ ትልቅ ሰው ነው፤ ዕብራይስጡ ከእኔም የባሰ ነው። ‹‹አሥራ አንድ ተኩል፣ እንደ ሁልጊዜው?›› አለኝ፤ ያን ቀን ማቀዝቀዣ አልከፈትኩም ነበር። አዎ አልኩት። ቧንቧውን ሰክቶ፣ እጀታውን በመያዣው ቆልፎ፣ መስታወቴን ሊጠርግ ዞረ። ያን ጊዜ ጩኸቱ ጀመረ።

ማደያ ውስጥ የዚያ ጩኸት ድምፅ ሌላ ነው፤ ከቆርቆሮው ጣሪያ እየተመለሰ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ሰውየው ጨርቁን ጥሎ ክንዴን ያዘኝ። ከማደያው ጀርባ ወዳለችው የኮንክሪት መጠለያ ሮጥን፤ ማለት እሱ ሮጠ፣ እኔን ጎተተኝ። ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ የሽንትና የሲጋራ ሽታ። ሰማዩ ላይ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ ፈነዳ፤ ግድግዳው ጀርባዬ ላይ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ።

‹‹አትፍሪ›› አለኝ ሰውየው። ‹‹ማደያ ላይ ከወደቀ እኛ አንሰማውም።››

‹‹ያንተ ማጽናናት ይህ ነው?››

‹‹ሚስቴም እንደዚሁ ትለኛለች።››

አሥር ደቂቃ መቆም አለባችሁ ይላሉ። ቆምን። እኔ የማስበው ስለ ልጄ ነበር፤ ቤርሼባም ጮኾ ይሆን፣ በዚያ ሆዷ ደረጃ ወርዳ ይሆን። ቧንቧውን አላሰብኩትም። እሱም አላሰበውም። ስንወጣ ማደያው ጭር ብሎ ነበር። ቧንቧው እንደተሰካ ነው። መቅዳቱን ጨርሶ፣ ራሱን ዘግቶ፣ ዝም ብሏል። ማሽኑ ላይ ያለውን ቁጥር አየሁ፤ ሠላሳ አራት ሊትር።

‹‹ይቅርታ›› አለ ሰውየው። ‹‹ግን ምን ቸገረሽ፣ ሞልቶልሻል።››

ልጄ የሰጠችኝ ገንዘብ ባይኖር መክፈልም አልችልም ነበር። ከፈልኩና ገባሁ። ቁልፉን ሳዞር መርፌው ወጣ፣ ወጣ፣ እኔ መርፌው የሚደርስበት መሆኑን እንኳ የማላውቀው ቦታ ላይ ሄዶ ተደገፈ።

ባሌ ሊገባ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀርቶት ነበር። ወደ ወደቡ ነዳሁ፤ ከወደቡ ወደ ባሕሩ ዳርቻ፤ ዳርቻውን ጫፍ እስከ ጫፍ፤ ወደ ሃኪርያ፣ ክበቡ ወደማይታይበት ጎን ወጥቼ በባንኮቹ ዙሪያ ዞሬ፣ እንደገና ወደ ወደቡ። ማቀዝቀዣውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነበር። መንገዱ ላይ ሰው የለም። ባሕሩ ላይ የጭስ ክር ተንጠልጥሎ ነበር፤ ዳርቻው ላይ አንድ ጃንጥላ ወድቆ ነፋስ ያንከባልለዋል። መርፌው አልነቃነቅ አለ። ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ የሞላ ታንከር መርፌ መጀመሪያ ላይ ቶሎ አይወርድም።

ምን እንደምለው አሰብኩ። አዛቃው ሲጮህ ሳይዘጉት ሮጠን ብለው፣ ማክሰኞ ማደያ ምን ትሠሪ ነበር ይለኛል። ቤንዚን አልቆብኝ ብለው፣ ጠዋት ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው የት ገባ ይለኛል። እውነቱን ብነግረው ቁልፉን ይወስዳል፤ ይህን አውቃለሁ፣ ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ አውቃለሁ። ልጄም ለሁለተኛ ጊዜ በሩን እያየች ትወልዳለች።

ቤት ስደርስ ክበቡ በሚሳይሉ ምክንያት ቀድሞ ተዘግቶ ኖሮ እሱ ከሕንፃው ሥር አጭሯ ግንብ ላይ ተቀምጧል። መኪናዋ ከየት በኩል እንደመጣች አይቷል። ተነሥቶ መጣ፤ በሩን ከፍቶ ከጎኔ ተቀመጠ።

‹‹ደኅና ነሽ?›› አለኝ።

‹‹ደኅና ነኝ። እርስዎስ?››

‹‹ደኅና። አዙሪው።››

አዞርኩት። መርፌው ወጣ። እሱ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ቀና አለ፤ እንደገና ጎንበስ አለ። ከአፍንጫው የሚወጣው ትንፋሽ ይሰማኛል። የት ነበርሽ እስኪል ጠበቅሁ። አላለም።

‹‹ማክሰኞ ማክሰኞ እዚያ እንደምትሄጂ አውቃለሁ›› አለኝ።

መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

‹‹መርፌው ማክሰኞ ብቻ ልክ ይሆን ነበር። በሌላው ቀን ወይ ትንሽ ከፍ፣ ወይ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ መኪና ነው። ማክሰኞ ግን በቢላ እንደተቆረጠ ነው። እንደዚያ የሚነዳ ሰው የለም።››

‹‹ካወቁ ለምን ዝም አሉ?››

‹‹ቦታው ላይ ትመልሺው ነበር። ቦታው ላይ የምትመልስ ሰው ትመለሳለች ብዬ ነው።›› እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። መርፌውን ማየቱን አልተወም። ‹‹መቼ ነው የምትሄጂው?››

አንድ ዓመት ሙሉ አውቆ ኖሯል። እያንዳንዷን ማክሰኞ እጄ ቁልፉ ላይ ሲንቀጠቀጥ ከጎኔ ተቀምጦ አይቶ፣ አውቃለሁ፣ አትፍሪ ማለት ይችል ነበር። አላለም። ዘመዶቹ ቸርነት ነው ይሉታል፤ ለወንድሙ እንኳ አልተናገረብሽም ይላሉ። ይበሉ። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ወንድሙ በቃል ዘጋኝ፤ እሱ ግን ፍርሃቴን እያየ ተመቸው።

ሊሄድ የተነሣ ሰው አልነበርኩም። ሦስት ሳምንት ልሰርቅ ነበር ያሰብኩት። እሱ መቼ ብሎ ሲጠይቀኝ ግን ሌላ መልስ አላገኘሁም።

‹‹ዛሬ›› አልኩት።

ወጥቼ ሁለት ቀሚስ፣ የደም ግፊት መድኃኒቴንና ነጠላዬን በፌስታል ይዤ ወረድኩ። እሱ እንደተቀመጠ ነው። ሞተሩን አስነሣሁ፤ አልወረደም። ጎረቤቶች ከአዛቃው በኋላ እንደሚያደርጉት በረንዳ ላይ ወጥተው ያወራሉ፤ ያዩናል።

‹‹ይውረዱልኝ›› አልኩት።

ወረደ። በሩን እንደዚያን ሐሙስ ቀስ ብሎ ዘጋው።

ልጄ በሩን ስትከፍት ፌስታሌን አይታ አልጠየቀችኝም። አልጋ አነጠፈችልኝ። በዘጠነኛው ቀን ምጥ ያዛት። ይህን ያህል ብቻ እናገራለሁ፤ እዚያ ነበርኩ፣ እጄን እስኪያብጥ ድረስ ይዛኝ ነበር፣ ሕፃኗ ሴት ናት፣ ጮኸች። የቀረው የልጄ ነው።

የባሌ ወንድም የደወለው ከሆስፒታል በወጣን በሦስተኛው ቀን ነው። እንደምን አደርሽ እንኳ አላለኝም፤ ሰላምታ ግን የአባት ወግ ነው።

‹‹አንቺ ሴት፣ ባልሽን ጥለሽ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ዛሬውኑ ግቢ።››

‹‹የወለደችው ሴት ናት›› አልኩት። ‹‹ለሴት ሰማንያ ቀን ነው፤ አራስ ሴት የነካ ሰው ከቤቱ ሰው ጋር አይቀላቀልም። ወጉን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።››

‹‹እሱ የድሮ ነው።››

‹‹ቆጠራውስ?››

ያን ጊዜ ሻይ ስቀዳ አፌ ውስጥ የቀረውን አወጣሁት። ልጁ ከሚስቱ ጋር በስድስተኛው እንደሚገናኝ፣ የት ላይ እንደዞረ፣ የትኛዋን ሴት እንደዘለለ፣ አንድ በአንድ ነገርኩት። ከጀርባው የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ አንድ ሰው አጠፋው።

‹‹ማን ነገረሽ?››

‹‹እናቴ።››

ስልኩን ዘጋው። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ግን ለሰው ይነግር ይሆን፣ ለባሌ ምን ይለው ይሆን እያልኩ ሌሊቱን አነጋሁ።

በሳምንቱ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ልጄ ሕፃኗን ስታጠባ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ባሌ ከታች ቆሟል። አድራሻውን ማን እንደሰጠው እስከ ዛሬ አላውቅም። በሁለት አውቶቡስ ነው የመጣው፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት የሰንበት ኮቱን ለብሷል። ወደ ላይ አላየም። መኪናዋ አጠገብ ሄዶ መዳፉን ለዓይኑ ጥላ አድርጎ በመስታወቱ ወደ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ያይ ነበር። ሞተሩ የጠፋ መኪና ምን ያሳየዋል? ዞሮ በሌላው በኩል አየ።

‹‹አባባ ነው?›› አለች ልጄ ከአልጋው ላይ።

‹‹እሱ ነው።››

‹‹ወደ ላይ ይውጣ?››

‹‹ቤቱ ያንቺ ነው›› አልኳት።

ባሏን ውኃ አስይዛ ላከችው። ያን ልጅ ባሌ ሰላም ብሎት አያውቅም። ብርጭቆውን ተቀበለ፤ ልጁ ፊቱን እስኪያዞር ድረስ ጠብቆ ጠጣ። ሁለት ቃል ተነጋገሩ። ከዚያ ብርጭቆውን መኪናዋ ጣሪያ ላይ አስቀምጦ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደ።

‹‹ምን አለህ?›› አልኩት የልጄን ባል ሲመለስ።

‹‹‹ፀሐይ ላይ ነው ያቆመችው፣ ቤንዚኑ ይተናል፣ ጥላ ላይ ታቁመው› አሉኝ።››

‹‹ስለ ሕፃኗስ?››

‹‹አልጠየቁኝም። ወደ ላይ ይውጡ አልኳቸው፤ ‹ዛሬ አይደለም› አሉ።››

መኪናዋን ጥላ ላይ አላደረግኋትም። ሰማንያው ቀን እስኪሞላ እዚያው ፀሐይ ላይ ቆየች። ግን ጠዋት ጠዋት፣ ልጄና ሕፃኗ ሳይነቁ፣ ደረጃውን ወርጄ እገባና ቁልፉን አዞራለሁ። መርፌው እየተንቀጠቀጠ ይነሣል። ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ። ከዚያ አጥፍቼ እወጣለሁ።